ካርታው ስለ ዕረፍት ሲናገር



በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጣ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ከቤታችን ደጃፍ ያልራቀ ነው። በከተማችን ካሉት ወጣቶች አንዳንዶቹ በየሳምንቱ መጀመሪያ በእጅ ስልካቸው የካርታ ንባብ ይከታተላሉ። ካርታው ታሮት ይባላል። አንባቢዋ ከ78ቱ ካርታዎች መካከል ሁለት ወይም ሦስት መዝዛ ትዘረጋና ስለ መጪው ሳምንት ትናገራለች። ንግግሯ እንደ ጥንቱ ጠንቋይ ጥቁር ዶሮ አምጡ የሚል አይደለም። ድምፅዋ ለስላሳ፣ ቃሏም የሚያጽናና ነው፤ ደክሞሻልና ዕረፊ፣ ደስታሽን አትናቂ፣ ወደ ውስጥሽ ተመልከቺ ትላለች። በዚህ ንግግር ላይ ክፉ ቃል ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ወላጆችም ምን ብለው እንደሚቃወሙት የሚጨነቁት ስለዚህ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖሩ አንዲት እናት ይህንኑ ጠይቀውናል። ልጃቸው የ22 ዓመት ወጣት ናት፤ በአጠና ተራ አጠገብ ባለ አንድ ሱቅ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተቀጥራ ትሠራለች፤ እሑድም ከቅዳሴ መልስ የቤቱ ሥራ የእርስዋ ነው። እናትዮዋ አንድ ሌሊት ልጃቸው በብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍና ይህን ካርታ ስትመለከት አገኟት፤ ስልኩንም ነጠቋት። ከዚያን ዕለት ወዲህ በቤቱ ውስጥ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ ጠፍቶአል። «ልጄን ወደ ጠበል ልውሰዳትን? ስልኩንስ ልመልስላትን?» ይላሉ።

መልስ ከመስጠታችን በፊት ካርታው ራሱ ምን እንደ ሆነ እንይ፤ ያላወቁትን ነገር መገሠጽ ልጅን አያሳምንምና። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሮት ሲጀመር የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም። ከ1440 ወዲህ ባሉት ዓመታት በሰሜን ኢጣልያ፣ በሚላኖና በፌራራ መሳፍንት ቤት፣ ለጨዋታ የተሠራ ካርታ ነበር፤ ሰዎችም ለሦስት መቶ ዓመት ያህል እንደ ማንኛውም ካርታ ተጫወቱበት። ነገሩ የተለወጠው በ1781 አንትዋን ኩር ደ ጀብለን የተባለ ፈረንሳዊ ካርታው ከጥንታዊት ግብፅ ካህናት የተላለፈ የምሥጢር መጽሐፍ ነው ብሎ በጻፈ ጊዜ ነው። ይህን ሲጽፍ የጥንቱን የግብፅ የሥዕል ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ ጽሕፈቱን ሻምፖልዮን የፈታው በ1822 ነው። ከተፈታ በኋላም ካርታው ከግብፅ ለመምጣቱ አንዳች ማስረጃ አልተገኘም። ወሬው ግን ከማስረጃ ይልቅ ፈጣን ነበረና ተስፋፋ፤ ኤቴይላ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊም ወዲያው በካርታው ዕድል መንገርን መተዳደሪያው አደረገው። ዛሬ በስልክ ላይ በብዛት የሚታየው ሥዕል ደግሞ በ1909 በለንደን የወጣ ነው። አርተር ኤድዋርድ ዌይት የተባለ ሰው አሰበው፤ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የተባለች ሴት ሣለችው። እንግዲህ ይህ የጥንት ጥበብ እየተባለ የሚነገርለት ሥዕል አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ የተሣለ፣ ከከተማችንም በዕድሜ የሚያንስ ነው።

ከእነዚህ ሥዕሎች ሦስቱን ብቻ እንመልከት። ዕረፍትን ያመለክታል የሚሉት ባለ አራት ሰይፉን ካርታ ነው፤ በላዩም በመቃብር ላይ የተጋደመ የአንድ ባላባት ሐውልት ተሥሎአል፤ ሐውልቱ እጆቹን ለጸሎት አጣምሮአል፤ ከበላዩም የቤተ ክርስቲያን ባለ ቀለም መስኮት ይታያል። ራስን መመርመርን ያመለክታል የሚሉት ደግሞ በተራራ ጫፍ ላይ በትር ይዞ፣ ፋኖስ አንሥቶ የቆመ ሽማግሌ መናኝ ነው። ደስታን ያመለክታል የሚሉት ፀሓይ ወጥታለት በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ነው። ልብ በሉ፤ ሠዓሊዋ ዕረፍትን ስትፈልግ ያገኘችው በቤተ ክርስቲያን የሚጸልይ ሰው ነው፤ ራስን መመርመርን ስትፈልግ ያገኘችው መናኝ ነው። የኮልፌዋ ልጅ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በሌሊት የምትመለከተው ሥዕል፣ በማለዳ በደብረ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቅጽር ግቢ በእውነት ቆሞ ሲጸልይ የምታየውን ሰው የሚመስል ነው።

ታዲያ ካርታው የልቤን ነገረኝ የሚሉት ለምንድር ነው? ይህንንም የመረመረ ሰው አለ። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ ስለ ጠባያቸው ፈተና ሰጥቶ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለእያንዳንዳቸው የጠባያቸው መግለጫ ነው እያለ ጽሑፍ አደላቸው። ከ0 እስከ 5 በሆነ ነጥብ እውነተኛነቱን እንዲመዝኑ ቢጠይቃቸው በአማካይ ከ4 ነጥብ በላይ ሰጡት። ከዚያ በኋላ ለሁሉም የታደለው ጽሑፍ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ የሚበዛውንም ከተራ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ እንደ ቀዳው ገለጠላቸው። «ደክሞሻል» ቢባል በኮልፌ ታክሲ ተሰልፎ የሚውል ሰው ሁሉ እውነት ነው ይላል። ካርታው ልጂቱን አላወቃትም፤ ነገር ግን ደክሞሻል ያላት እርሱ ብቻ ነው። እኛን ያሳሰበን ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

ስለ ጥንቆላ የቅዱሳት መጻሕፍት ቃል የታወቀ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ሟርትና ምዋርት ሁሉ ተከልክሎአል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ደግሞ በፊልጵስዩስ የጥንቆላ መንፈስ ያደረባት አንዲት ገረድ ትገኛለች፤ የዚያች ብላቴና ጥንቆላ ለጌቶቿ ብዙ ትርፍ ያገባላቸው እንደ ነበረ መጽሐፉ ሳይዘነጋ ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስ መንፈሱን ባወጣላት ጊዜ ጌቶቿ የተቈጡት ስለ ትርፋቸው ነው። የዛሬውም የካርታ ንባብ ብዙ ጊዜ መግቢያው በነፃ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ለብቻሽ እንዳነብልሽ ክፈዪ የሚል ይከተላል። ይህን ለልጆቻችን መንገር ይገባል።

ነገር ግን ልጅን ከመገሠጻችን በፊት የራሳችንን ሣጥን እንክፈት። ጋብቻ ሲታሰብ የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን ኮከብ የሚያስቈጥር ክርስቲያን ቤተ ሰብ በመካከላችን የለምን? ለዚህ የሚጠቀሙበት ዐውደ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ ነው። የሰውዬው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ተደምሮ፣ በ12 እየተገደፈ፣ የቀረው ቁጥር ኮከብህ ይህ ነው ይባልበታል። የነገሥታት ስም ስላለበትና በግእዝ ፊደል ስለ ተጻፈ ብዙዎች የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ እየተባሉ የሚጠሩት ኮከቦች ስማቸው ከዓረብኛ የተወሰደ ነው። የፈረንሳዩ ሰው የኢጣልያን መጫወቻ የግብፅ ጥበብ አድርጎ እንዳከበረው፣ እኛም የተዋስነውን ቁጥር የአባቶች ትምህርት አድርገን አከበርነው። «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ የፈረሰ እጮኝነት፣ ያለ ጥፋቷ ገፊ ናት ተብላ የቀረች ሴት ልጅ፣ በየሰፈሩ አለ። ካርታው እስካሁን ያን ያህል ቤት አላፈረሰም።

ከዚህም ሌላ በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ስኒ ተደፍቶ በአተላው ላይ መንገድ ታየ፣ እንግዳ ታየ የሚባልበት ቤት አለ። ጨዋታ ነው ይባላል። ልጂቱም ስለ ካርታዋ ጨዋታ ነው ብትል እናትዮዋ ምን ይመልሳሉ? በዕለቱ ስኒ ሲነበብ ቁጭ ብላ ያደገች ልጅ ካርታ ማንበብን ከፈረንጅ አልተማረችውም ብንል ያስኬዳል።

በዚህ ነገር ላይ ከአገራችን ታሪክ የምናነሣው አንድ ምዕራፍ አለ። በሚላኖና በፌራራ ያ ካርታ በሚሠራባቸው በእነዚያው ዓመታት በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ። ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን እንደ እርሳቸው አጥብቆ የተዋጋ ንጉሥ የለም። በመጽሐፈ ብርሃን ኮከብ ቆጣሪውንና ጠንቋዩን አወገዙ፤ ሕዝቡም የሥላሴን ስምና ሰይጣንን የመካድ ቃል በሰውነቱ ላይ ጽፎ እንዲይዝ አዘዙ። ነገር ግን ቍጣው ከልክ አለፈ። ጠቋሚ በዛ፤ በጠቋሚ ቃል የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ጣዖት አምልካችኋል ተብለው እንደ ተገረፉና ከእነርሱም የሞቱ እንዳሉ የገዛ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ስለ ሃይማኖት ቅንዓት ብሎ ልጁን የሚያስጨንቅ ወላጅ ይህን ገጽ ሳያነብ ባያልፍ መልካም ነው።

እኚሁ ንጉሥ የሠሩት ሌላ ሥራ ደግሞ አለ። በ1450 በሸዋ፣ በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደርጎ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተወሰነ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለዚህች ቀን ከመቶ ዓመት በላይ ተሰድደውባታል፣ ተወግዘውባታል። ስለ ዕረፍት ቀን ይህን ያህል የተጋደለ ሕዝብ ልጆች፣ ዛሬ ማረፍ ይገባኝ እንደ ሆነ የለንደን ካርታ ንገረኝ ማለታቸው ያስደንቃል። ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት ጥያቄውን ወደ ቤታችን እንመልሰው፤ በእኛ ቤት በሰንበት የሚያርፈው ማን ነው?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 የሰንበት ትእዛዝ ሲሰጥ አባወራው ብቻ ይረፍ አልተባለም። ወንድ ልጅና ሴት ልጅ፣ ሎሌና ገረድ፣ ከብትና እንግዳ ሳይቀሩ ተቈጥረዋል። የእኛ እሑድ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አባት ከቅዳሴ መልስ ጋዜጣ ይዞ ወይም ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጣል፤ ወንዶች ልጆች ኳስ ለማየት ይወጣሉ፤ እናትና ሴት ልጅ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ቡና ይቈላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ። የቤት ሠራተኛይቱንማ የሚያነሣት የለም። በሰንበቴና በማኅበር ቀን እንኳ ጻድቁን የምናስበው በሴቶቻችን ወገብ ነው። የኮልፌዋ ልጅ ስድስት ቀን በሱቅ ቆማ ሰባተኛውን በማድ ቤት ቆማ የምታሳልፍ ከሆነ፣ ዕረፊ የሚላትን ድምፅ በሌሊት ብትፈልግ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሳምንታዊ ምክር ከሆነ የፈለገችው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሳምንቱን ባዶ አልተወችውም። ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ ለሰባቱ ቀን ተከፍሎ የተዘጋጀ ነው፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ ብሎ ለመጸለይ ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። ዳዊትም እንዲሁ በየዕለቱ ተከፍሎ ይደገማል። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት፤ ካርታው ሳምንትሽ እንዲህ ይሆናል ይላል፣ ጸሎቱ ግን ስለ መጪው ምንም አይተነብይም፤ ሰውዬው ቀኑን ለማን እንደሚሰጥ ብቻ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ዳዊቱንም ቢሆን ዕድል እንዲነግረን እንደ ካርታ በዘፈቀደ ልንገልጠው አይገባም።

ስለ ደስታም ቢሆን ልጆቻችን ከእኛ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ የጾሙን ቁጥር ነው። ጾሙ እውነት ነው። ነገር ግን ከትንሣኤ ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾሙ፣ ስግደትም እንደሌለ፣ ይህም የሆነው ደስታው እንዳይጐድል እንደ ሆነ የነገርናቸው ስንቶቻችን ነን? በዐቢይ ጾም መካከል እንኳ ከቀዳም ሥዑር በቀር በቅዳሜና በእሑድ ከጥሉላት እንከለከላለን እንጂ ከእህልና ከውኃ አንጾምም፤ ሰንበት የኀዘን ቀን አይደለችምና። ደስታን በሕግ የደነገገች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኖ ደስታን በካርታ መፈለግ የመጣው፣ ሕጉን ከነገርናት ደስታውን ስለ ሸሸግናት ነው።

ራስን ስለ መመርመርስ? በገዳማት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት ከሞላ ጐደል የሚናገሩት ስለዚሁ ነው። ለቤተ ሰብ ግን የተሰጠው መንገድ የነፍስ አባት ነው። ካርታ አይጠይቅም፤ የነፍስ አባት ግን ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ያለፈውን ወር ያስታውሳል፣ ሲያስፈልግም ተሳስተሻል ይላል። በዚህ በኩል እውነቱን እንናገር፤ የነፍስ አባታችንን የምንጠራው ለክርስትና፣ ለተዝካርና ቤት ጠበል ለማስረጨት ብቻ ከሆነ፣ ልጂቱ እርሳቸውን የምታውቃቸው እንጀራ ስታቀርብላቸው ነው እንጂ ልቧን ስትነግራቸው አይደለም። ለወጣቶች የተለየ ሰዓት እንዲሰጡ የነፍስ አባቶቻችንን በአክብሮት እንለምናለን፤ እናት በሌለችበት።

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች እንምጣ። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ደክሞና ተስፋ ቈርጦ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኛ፤ መሞትንም ተመኘ። መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም። ትኩስ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላና ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ደግሞ መጥቶ አበላው። ምን ትሠራለህ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከእንቅልፉና ከምግቡ፣ ከረዥሙም መንገድ በኋላ ነው። እንግዲህ እኅታችን ሆይ፤ ልጅዎ በመንፈስ ተይዛለች ብለው አይቸኩሉ፤ አስቀድመው ያስተኟት። ጠበል መልካም ነው፤ ሲሄዱ ግን ፈልጋ ከእርስዎ ጋር ትሂድ እንጂ እንደ ተከሳሽ ተይዛ አትሂድ። ስልኩንም ይመልሱላት፤ በራሷ ደመወዝ የገዛችው ነውና። ከመለሱላት በኋላ ካርታው ምን ምን እንዳላት ይጠይቋት፤ ሳትጨርስም አያቋርጧት። ከዚያ በላይ የጻፍነውን የኢጣልያንና የግብፅን ነገር ቢያጫውቷት ትስቅ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ሳይዘነጋ ይታይ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከተጠላ፣ ቀድሞ ደስ ያሰኛት የነበረው ነገር ሁሉ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ጣዕም ካጣባት፣ ወይም መሞትን የሚመኝ ቃል ከአፏ ከወጣ፣ ይህ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ለዚህ በከተማችን የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ጠበልና ሐኪም አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ሐኪሙ የሰጠውንም መድኃኒት ጠበል ስለ ጀመረች እንዳታቋርጥ።

ስለ ቤቱ ሥራ የምንመክረው ቀላል ነው። የእሑዱ ወጥ ቅዳሜ ማታ ይሠራ፤ ለዚህም የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ አብሮ ይክተፍ። እሑድ የተበላበትን ዕቃ ወንዶች ልጆች ይጠቡ፤ ኳሱ የሚጀምርበትን ሰዓት ያውቁታልና ቀደም ብለው ይጨርሳሉ። ቡናውን አንድ እሑድ አባት ያፍሉ፤ ቢያሩትም ይጠጣል። ስኒው ሲያበቃ ታጥቦ ይደርደር እንጂ አይደፋ። ዐውደ ነገሥት በሣጥን ያስቀመጠ ካለም መጽሐፉን ለነፍስ አባቱ ያስረክብ፤ እጮኞች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሰርጉን እስኪደግሱ ባይጠብቅ መልካም ነው።